በ5 ቮልት የሚግል፣ በ15 ቮልት የሚያጉረመርም ፓወር ሰፕላይ

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። ለቤት ውስጥ መሥሪያዬ በኤልኤም317 ሬጉሌተር አይሲ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ሠርቻለሁ። ትራንስፎርመሩ 18 ቮልት፣ 1.5 አምፔር ነው፤ የመውጫ ሽቦው ሦስት ሲሆን መሃለኛውን አልተጠቀምኩበትም። ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው የዳዮድ ብሪጅ በኋላ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። ሬዚስተሩ 240 ኦም፣ ፖቴንሽዮሜትሩ 5 ኪሎ ኦም ነው። ሙቀት የሚበትነውን ሂትሲንክ ከ3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም 80 በ60 ሚሊሜትር ቆርጬ፣ በትራፓኖ በስቼ፣ ማይካ አድርጌበት ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። 5 ቮልት ላይ 1 አምፔር ስወስድበት ጥቂት ቆይቶ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። 15 ቮልት ላይ ያን ያህል አይግልም፤ ግን ያገናኘሁት አምፕሊፋየር ያጉረመርማል። ከሌላ ሻጭ ሌላ አይሲ ገዝቼ ቀየርኩት፤ ያው ነው። አይሲዎቹ ፎርጅድ ይሆኑ? ወይስ ሂትሲንኩ ነው? ትንሽ ቶርኖም ስላለኝ ክንፍ ያለው ሂትሲንክ ባወጣ ይሻላል? እባክዎ ይርዱኝ።»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን በቁጥር ስላቀረብክ ሥራዬን አቅልለህልኛል። ከሁለት የተለያዩ ሻጮች የመጡ ሁለት አይሲዎች አንድ ዓይነት ጠባይ ካሳዩ ጥፋቱ ከአይሲው ውጭ ነው ብለህ ጀምር። ፎርጅድ አይሲ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ነገር ግን «ፎርጅድ ነው» የሚለው መልስ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ከተለካ በኋላ መሆን አለበት።

ያጋጠመህ አንድ ችግር አይደለም፤ ሁለት ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። ጉርምርምታው የሚመጣው ካፓሲተርህ ስላነሰ ነው። ካፓሲተሩን ስታሳድግ ግን ወደ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን ወደምትፈልገው ልክ ወደሚያወርደው ኤልኤም317) የሚገባው አማካይ ቮልቴጅ ይጨምራል፤ 5 ቮልት ላይ ያለው ሙቀትም ይብስበታል። አንዱን ብቻ አስተካክለህ ብትሞክር ሌላው ተባብሶ ታገኘውና ጭራሽ ግራ ትጋባለህ። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እንያቸው።

መጀመሪያ ጉርምርምታው። 18 ቮልት ኤሲ ጫፉ 18 ሲባዛ በ1.41 ነው፤ 25.4 ቮልት ይሆናል። ብሪጁ ውስጥ ከረንቱ ሁልጊዜ በሁለት ዳዮድ ስለሚያልፍ 2 ቮልት ግድም ቀንስ፤ 23.4 ቀረ። ካፓሲተሩ እስከዚህ ይሞላል፤ ከዚያ ቀጣዩ ጫፍ እስኪመጣ ድረስ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ብሪጅ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል። የሪፕሉ (የቮልቴጁ መውጣትና መውረድ) መጠን ከረንቱ ሲካፈል ለ100 እና ለካፓሲተሩ ብዜት ነው፤ 1 አምፔር ለ100 ሲባዛ በ0.001 ፋራድ ብታካፍል 10 ቮልት ታገኛለህ። ይህ ቀመር ትንሽ ያጋንናል፤ ምክንያቱም ካፓሲተሩ ሙሉውን 10 ሚሊሰከንድ ሲጎድል አይቆይም። በተግባር 7 ወይም 8 ቮልት ግድም ነው። እንግዲህ ወደ ሬጉሌተሩ የሚገባው ቮልቴጅ በ23.4 እና በ16 መካከል ይወጣል ይወርዳል ማለት ነው።

ኤልኤም317 ሥራውን ለመሥራት መግቢያው ከመውጫው በ2.5 ቮልት ግድም መብለጥ አለበት፤ ተጠንቅቀህ ስትነድፍ 3 ቮልት ያዝለት። መግቢያው 16 ሲደርስ አይሲው ሊሰጥህ የሚችለው 13.5 ብቻ ነው፤ አንተ 15 ጠይቀኸዋል። ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ 1.5 ቮልት ያህል ይጎድላል፤ አምፕሊፋየሩ የሚያሰማህ ይህንኑ ጉድለት ነው። 5 ቮልት ላይ ጉርምርምታው የማይሰማውም መግቢያው የቱንም ያህል ቢወርድ ለ5 ቮልት ከበቂ በላይ ስለሚተርፍ ነው።

ይህን አምነህ አትቀበለኝ፤ ለካው። 15 ቮልት ላይ 1 አምፔር የሚወስድ ጭነት አድርግ፤ 15 ኦም ሬዚስተር ይበቃል፣ ግን 15 ዋት ስለሚያቃጥል ቢያንስ 25 ዋት የሚችል ይሁን። መልቲሜትርህን ኤሲ ላይ አድርገህ ትልቁን ካፓሲተር ለካ። የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ በመልቲሜትር ሲነበብ ከላይ እስከ ታች ያለው ስፋት ለ3.5 ተካፍሎ ይታያል፤ ስለዚህ 2 ቮልት ግድም ካነበብክ ሪፕልህ 7 ቮልት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ርካሽ መልቲሜትሮች ኤሲ ላይ ሆነው ዲሲውንም ቀላቅለው ያነባሉ። ሁለቱን ገመድ አገላብጠህ ለካ፤ አንዱ አቅጣጫ ዜሮ፣ ሌላው የተጋነነ ቁጥር ከሰጠህ መሣሪያው ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንደዚያ ከሆነ አንድ 1 ማይክሮፋራድ ፖላሪቲ የሌለው ካፓሲተር ከገመዱ ጋር በተርታ አድርግለትና ዲሲውን ከልክልለት።

መፍትሔው 4700 ማይክሮፋራድ ነው። ሪፕሉ ወደ 2 ቮልት ይወርዳል፣ የመግቢያው ዝቅተኛ ነጥብ 21.4 ይሆናል፣ 15 ቮልትህ ያለ ችግር ይወጣል። የቮልቴጅ አቅሙ 50 ይሁን። 35 የሚለው በወረቀት ላይ የሚበቃ ይመስላል፤ ትራንስፎርመር ጭነት ሳይኖረው ከተጻፈበት በላይ እንደሚሰጥና የግድግዳው ኃይልም ከፍ ዝቅ እንደሚል ግን አትርሳ። ሁለቱ ሲደራረቡ 31 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ 35 ላይ ለመጨናነቅ ምክንያት የለህም።

ካፓሲተሩን ከቀየርክ በኋላም ቀጭን ጉርምርምታ ከቀረ ሽቦ አሰላለፉን ተመልከት። ብሪጁ ካፓሲተሩን የሚሞላው በአጭር፣ በኃይለኛ ምት ነው። የግራውንድ ሽቦህ ይህን ምት ከመውጫው ጋር የሚጋራ ከሆነ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ትንሽ ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየርህ ይሄዳል። የብሪጁ ኔጋቲቭ መጀመሪያ ወደ ካፓሲተሩ እግር ይግባ፤ የመውጫው ኔጋቲቭ ከዚያው እግር በራሱ ሽቦ ይውጣ። የፖቴንሽዮሜትሩ የታችኛው ጫፍ ከመውጫው ኔጋቲቭ ጋር ይታሰር። 240 ኦሙ ሬዚስተር ደግሞ ከአይሲው የመውጫ እግር ላይ በቀጥታ ይበየድ እንጂ ከሽቦው ማዶ ካለው ተርሚናል ላይ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ጭነት ሲጨምር ቮልቴጁ ትንሽ የሚወርደውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ከማስተካከያው እግር ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ብታደርግ አይሲው ሪፕል የመከልከል አቅሙ ከ65 ዴሲቤል ግድም ወደ 80 ይጠጋል። ያን ካደረግክ ሁለት ዳዮድ አትርሳ። አንደኛው ከማስተካከያው እግር ወደ መውጫው፣ ሁለተኛው ከመውጫው ወደ መግቢያው፤ የሁለቱም ቀለበት ያለበት ጫፍ በስተመጨረሻው በጠቀስኩት እግር በኩል ይሁን። መግቢያው ወይም መውጫው በድንገት ሾርት ቢያደርግ ካፓሲተሮቹ በአይሲው ውስጥ ወደ ኋላ እንዳይራገፉ ይከላከላሉ። 1ኤን4002 ይበቃል፤ በእጅህ ያለው 1ኤን4007 ቢሆንም ያው ነው።

እዚያው እያለህ ፖቴንሽዮሜትሩንም እናስተካክለው። የመውጫው ቮልቴጅ 1.25 ሲባዛ በ(1 ሲደመር የፖቴንሽዮሜትሩ ኦም ለ240) ነው። 5 ኪሎ ኦም ስታስገባ 27 ቮልት ይሰጥሃል፤ ያን ያህል ደግሞ የለህም፤ ስለዚህ የእጀታው ሩብ ያህል ባዶውን ይዞራል። ከፖቴንሽዮሜትሩ ሁለት ጫፎች ጋር 5.6 ኪሎ ኦም ትይዩ አድርገህ ብየድ፤ ድምሩ 2.64 ኪሎ ኦም ይሆንና ከፍተኛው ልክ 15 ቮልት ላይ ይቆማል። ፖቴንሽዮሜትሩን እንደ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ስለምትጠቀምበት ትይዩው ከምትጠቀምባቸው ሁለት እግሮች ጋር መሆኑን ልብ በል። እጀታው መሃል ላይ ሲሆን ቮልቴጁ መሃል ላይ አይሆንም፤ ለሚዛናዊነት ከተጨነቅክ 2.5 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር ግዛና በ14.3 ቮልት ረክተህ ኑር።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ይህ አይሲ ቦብ ዶብኪን ናሽናል ሴሚኮንዳክተር በሚሠራበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የነደፈው ነው፤ እስከ ዛሬ በየጀማሪው ጠረጴዛ ላይ የቆየበት አንዱ ምክንያት ራሱን መጠበቅ መቻሉ ነው። ውስጡ ከ150 ዲግሪ ሲያልፍ ራሱን ያፍናል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ያየኸው «ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል» የዚህ ጥበቃ ምልክት ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ ማራገቢያ አቅርብለት፤ ቮልቴጁ ከጸና ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሒሳቡን እንየው። ሬጉሌተሩ የሚያቃጥለው ዋት መግቢያው ከመውጫው የሚበልጥበት ቮልቴጅ በከረንቱ ተባዝቶ ነው። አሁን በ1000 ማይክሮፋራድ አማካዩ መግቢያ 19.6 ቮልት ግድም ስለሆነ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ላይ 14.6 ዋት ታቃጥላለህ። 4700 ስታደርግ አማካዩ 22.4 ይሆናል፤ ሙቀቱም 17.4 ዋት። መጀመሪያ ላይ «ይጣላሉ» ያልኩህ ይህንን ነው።

ለዚህ አይሲ ውስጡ ከ125 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ክፍልህ 30 ዲግሪ ቢሆን የምትጫወትበት 95 ዲግሪ ብቻ ነው። ሙቀት ከአይሲው ውስጥ ወደ ብረት ጀርባው ለመውጣት በዋት 5 ዲግሪ ያህል ያስከፍላል፤ ይህን አንተ ልትለውጠው አትችልም። ማይካው (ኤሌክትሪክ የሚከለክለው ስስ ንጣፍ) እና ሙቀት አስተላላፊው ፔስት በደንብ ሲሠሩ ሌላ 1 ዲግሪ በዋት። ቀሪው የሂትሲንኩ ነው። ያንተ ሳህን ሁለቱ ፊቶቹ ተደምረው 96 ካሬ ሴንቲሜትር ናቸው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቀለም የተቀባ ሳህን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ዋት ግድም ይበትናል፤ ስለዚህ ያንተው በዋት 10 ዲግሪ ይደርሳል። ሳይቀባ፣ ሲያብለጨልጭ 15 ሊሆን ይችላል። 5 ሲደመር 1 ሲደመር 10፣ 16 ነው፤ 95 ለ16 ሲካፈል 6 ዋት ይሰጥሃል። አንተ 17.4 እየጠየቅከው ነው።

ሂትሲንኩን በማሳደግ ብቻ ይህን ማሸነፍ አትችልም። 95 ለ17.4 ብታካፍል 5.5 ነው፤ ከዚያ ላይ 5ቱን አይሲው ራሱ በልቶታል። የቀረው ግማሽ ዲግሪ በዋት ማይካውን እንኳ አይከፍልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈጠረውን ሙቀት ቀንስ፤ ከዚያ በኋላ የተረፈውን አስወግድ።

የሚቀነሰውም በእጅህ ባለው በዚያው ባልተጠቀምክበት መሃለኛ ሽቦ ነው። ሦስት ሽቦ ያለው 18 ቮልት ትራንስፎርመር ብዙውን ጊዜ 9-0-9 ነው። ለካው፤ ከመሃል እስከ ዳር 9፣ ከዳር እስከ ዳር 18 ካገኘህ ጥሩ። የብሪጁን አንዱን የኤሲ እግር ከአንዱ ዳር ሽቦ ጋር በቋሚነት እሰር። ሌላኛውን የኤሲ እግር በስዊች አድርገው፤ ስዊቹ በአንድ በኩል መሃለኛውን፣ በሌላ በኩል ሌላኛውን ዳር ይምረጥ። ስዊቹ አንዱን ሳይለቅ ሌላውን የሚነካ ዓይነት መሆን የለበትም፤ ለቅጽበት እንኳ ሁለቱን ቢያገናኝ ግማሹን ጥቅል ሾርት ያደርገዋል። ተራው የሚገለበጥ ስዊች አስቀድሞ የሚለቅ ነው፤ አንዳንዶቹ የሚዞሩ ስዊቾች ግን ሁለቱን ስለሚያስነኩ በመልቲሜትር አረጋግጥ።

9 ቮልቱ ላይ ስትሆን ጫፉ 12.7፣ ከብሪጁ በኋላ 10.7 ነው። በ4700 ማይክሮፋራድ ዝቅተኛው ነጥብ 8.7 ላይ ስለሚቆም እስከ 6 ቮልት ድረስ በ1 አምፔር ንጹሕ ቮልቴጅ ታገኛለህ። 5 ቮልት ላይ የሚቃጠለው 4.7 ዋት ብቻ ነው። በ16 አባዛው፤ 75 ዲግሪ። ከ30 ጋር 105። ያንኑ 80 በ60 ሳህንህን ይዘህ፣ በደንብ ከተሠራ፣ 5 ቮልትህ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ከ6 ቮልት ስታልፍ ስዊቹን ወደ 18 ትመልሳለህ፤ 7 ቮልት ላይ ደግሞ 15.4 ዋት በአምፔር ይጠብቅሃል። በ6 ዋት ሳህን ከ0.4 አምፔር በታች ነው። 15 ቮልት ላይ 0.8 ግድም። በመካከል ያለውን ክፍተት የምትፈልገው ካልሆነ ይህን ቁጥር ከፓኔሉ ላይ ጽፈህ ኑርበት፤ እኔ ብሆን የማደርገው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም የቤት ሥራ አብዛኛው 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ላይ ነው። የግድ ካስፈለገህ ግን ከሬጉሌተሩ በፊት ቮልቴጁን የሚቀንስ ስዊቺንግ ኮንቨርተር ማድረግ ከሁሉም ይሻላል። 2ኤን3055 ዓይነት ትልቅ ትራንዚስተር ከጎኑ አድርጎ ከረንቱን ማሸከም የተለመደ ምክር ነው። ድምር ሙቀቱን አንድ ዋት አይቀንስልህም፤ ሙቀት በቀላሉ ወደሚወጣበት አካል ያዛውረዋል እንጂ። በዚያ ላይ የኤልኤም317 ራስን የመጠበቅ ችሎታ ለትራንዚስተሩ አይሠራም።

ትራንስፎርመሩም ገደብ አለው። 1.5 አምፔር የተጻፈው ለኤሲ ነው። ካፓሲተር በምት ስለሚሞላ ለእያንዳንዱ የዲሲ አምፔር ከ1.6 እስከ 1.8 አምፔር ኤሲ ይከፈላል። ለረጅም ጊዜ ከ0.9 አምፔር በላይ አትውሰድበት።

አሁን ወደ ብረት ሥራው ልግባ፤ ጥያቄህ ውስጥ «በስቼ፣ ማይካ አድርጌበት ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ። ስለ ጠርዝ ማጽዳት፣ ስለ ፔስት አንድም አላልክም።

አየር ሙቀትን ክፉኛ ይከለክላል። አይሲው በሳህኑ ላይ የሚያርፍበት ስፋት 1.5 ካሬ ሴንቲሜትር ነው እንበል። በዚህ መካከል 0.1 ሚሊሜትር አየር ብቻ ቢገባ በዋት ከ25 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በአምስት ዋት ብቻ 125 ዲግሪ ማለት ነው! ያው ክፍተት በተራ ቴርማል ፔስት ቢሞላ ከ1 ዲግሪ በታች ይሆናል። አሁን ፑንታ አሉሚኒየም በስቶ ሲወጣ በቀዳዳው ዙሪያ የሚያቆመውን ሹል ከንፈር አስብ፤ 0.1 ሚሊሜትር ለእርሱ ምንም አይደለም። አይሲው በዚያ ከንፈር ላይ እንደተደገፈ ድስት ጋደል ብሎ ይቀመጣል፤ አንተ ደግሞ ብሎኑን ባጠበቅክ ቁጥር የሚነካው ያው ከንፈር ብቻ ነው። ማይካውንም ሊበሳው ይችላል፤ የአይሲው ጀርባ ከመውጫው እግር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ማይካው ከተበሳ ሳህኑ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሳህኑን ሞርሳ ላይ ወይም በማጥበቂያ ከጠረጴዛው ጋር እሰር፤ ፑንታ ከታች በኩል ሊወጣ ሲል ሳህኑን ይዞ ይሽከረከራልና በእጅ አትያዝ፣ ጓንትም አታድርግ። የመሃል ነጥቡን ምታ። ለኤም3 ጥርስ 2.5 ሚሊሜትር ብሳ። አሉሚኒየም ፍጥነት ይወዳል፤ በደቂቃ 60 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ብንወስድ ለ2.5 ሚሊሜትር ፑንታ ከ7000 ዙር በላይ ይመጣል። ያንተ ማሽን እዚያ ስለማይደርስ የመጨረሻውን ፍጥነት ስጠው። አሉሚኒየም በፑንታው ስለት ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ መቁረጥ ትቶ መፋቅ ይጀምራል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ጥቂት ላምባ ወይም አልኮል ጠብ አድርግበት፤ ፑንታውንም ቶሎ ቶሎ እያወጣህ መላጫውን አራግፍ። ላምባ ስትጠቀም እሳትና ጭስ ከአጠገብህ ይራቅ። ጥርሱን ስታወጣም ያው ላምባ ነው፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። 3 ሚሊሜትር ሳህን ስድስት ጥርስ ይይዛል፤ ለኤም3 በቂ ነው።

ከዚያ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ፑንታ በጣትህ ይዘህ ቀዳዳው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙር፤ በሁለቱም ፊት። ማሽን ላይ አታድርገው፤ ይነክስና ጉድጓድ ያወጣልሃል።

ማስተካከሉ ከመብሳትና ከጥርስ ማውጣት በኋላ ይምጣ። ወፍራም የመስኮት መስተዋት ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፍ፣ መጀመሪያ 320፣ ከዚያ 600 ቁጥር። የሳህኑን ፊት በማርከር መስመር በመስመር አስምረህ በትንሽ ውኃ አሽ። ቀለሙ ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። አይሲው የሚያርፍበት አካባቢ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ቀጥል፤ ሌላው ቦታ ቢቀር ግድ የለም። ሳህኑን በመቀስ ማሽን አስቆርጠኸው ከሆነ ዳርና ዳሩ ታጥፏል፤ በመጋዝ ከቆረጥከው ይህ ችግር የለም። ፊትህን እስኪያሳይ ማለስለስ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ የሚያምር ሥራ ነው፣ ሙቀቱን ግን አንድ ዲግሪ አይቀንስም። የሚፈለገው ጠፍጣፋነት እንጂ ብልጭታ አይደለም።

ፔስቱ ስስ ይሁን፤ በማይካው ግራና ቀኝ፣ ከታች ያለው ነገር እስኪታይ የቀጠነ። ፔስት ከአየር ይሻላል እንጂ ከብረት አይሻልም። የብሎኑ የመጨረሻ ጥብቀት ከ0.5 እስከ 0.6 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአጭር መፍቻ፣ በጣት ኃይል። «ጠበቅ አድርጌ» ያልከው እዚህ ላይ ይጎዳል። የቲኦ-220 (የአይሲህ አካል ቅርጽ ስም ነው) ቀዳዳ ከአንድ ጫፍ ነው፤ ቺፑ ያለው ከሌላው ጫፍ። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ብረቱ ይታጠፍና ቺፑ ያለበት ወገን ከሳህኑ ብድግ ይላል። የጥቁሩን ፕላስቲክ መሃል ከላይ የሚጫን የብረት ዘንግ በሁለት ብሎን ብታስር ከብሎኑ ይሻላል፤ ግፊቱ ከቺፑ በላይ ያርፋል።

ሳጥንህ ፕላስቲክ ከሆነና ሳህኑ ሌላ ነገር የማይነካ ከሆነ ማይካውን ጭራሽ ተወው። 1 ዲግሪ በዋት በነጻ ታተርፋለህ። ሳህኑ የመውጫውን ቮልቴጅ እንደሚይዝ ብቻ አስታውስ።

ሳህኑን ከሳጥኑ ውጭ፣ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ አየር ከታች ገብቶ ወደ ላይ ይውጣ። የአይሲው ማረፊያ ሲቀር ሌላውን ስስ ቀለም ቀባው። ያልተቀባ አሉሚኒየም በጨረር መልክ ሙቀት አያወጣም ማለት ይቻላል፤ የተቀባው ግን ያወጣል። ጥቁር መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ በዚህ ሙቀት ነጭ ቀለምም ያንኑ ያህል ይሠራል።

ስለ ቶርኖው። ፍላጎትህ ይገባኛል፤ ክብ ሂትሲንክ ከቶርኖ ሲወጣ ውብ ነው። ግን እንቁጠረው። 60 ሚሊሜትር ዘንግ ወስደህ መሃሉን 25 ሚሊሜትር አስቀርተህ ስድስት ክንፍ ብታወጣ ከክንፎቹ የምታገኘው ስፋት 280 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። 200 በ150 የሆነ ያው 3 ሚሊሜትር ሳህን 600 ይሰጥሃል፤ ሥራውም ሁለት መቁረጥና አንድ መብሳት ነው። በዚያ ሳህን በዋት 2.5 ዲግሪ ግድም ትደርሳለህ፤ 11 ዋት ማለት ነው፣ 7 ቮልት ላይ 0.7 አምፔር።

ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካልክ ግን ሦስት ነገር ልብ በል። በክንፎቹ መካከል ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ይኑር፤ ማራገቢያ ከሌለ አየር በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ አይንቀሳቀስም። የመቁረጫ ምላጭህ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ጎን ለጎን ሦስት ጊዜ መግባት አለብህ፤ 17 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ መላጫው ተጠቅጥቆ ምላጩን ይሰብራልና ፍጥነቱን ከተራው ማዞሪያ ግማሽ አድርገህ ላምባውን አታቋርጥ። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ላይ ስታስረው ዘንጉ ጋደም ይበል፤ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ነው አየሩ በመካከላቸው የሚወጣው። ሦስተኛ፣ አይሲውን የምታስርበትን ፊት ስታስተካክል ምላጩ ከማዕከሉ ቁመት ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ መሃል ላይ ጡት የመሰለች ጉብታ ትቀራለች። አይሲው በእርሷ ላይ ሲቀመጥ ያው የከንፈሩ ታሪክ ይደገማል። በመስተዋቱና በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ያንንም ፊት አሽ።

ከመሰካትህ በፊት ሁለት ነገር ጨምር። ከ4700ው ካፓሲተር ጋር ትይዩ 2.2 ኪሎ ኦም፣ ግማሽ ዋት ሬዚስተር አድርግ፤ ካጠፋኸው በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያራግፈዋል። ከትራንስፎርመሩ መግቢያ በኩል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ ይኑር፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ለዚህ ትራንስፎርመር 250 ሚሊአምፔር ይበቃል። ሳጥኑ ብረት ከሆነ የመሬት ሽቦውን ከሳጥኑ ጋር በብሎንና በሮንዴላ እሰር።

መጀመሪያ ካፓሲተሩን ቀይር፣ ከዚያ ስዊቹን፣ ከዚያ ሳህኑን አውጥተህ አስተካክል። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም 15 ቮልት ላይ ካጉረመረመ፣ በጭነት ላይ ሳለ ከትልቁ ካፓሲተር ያነበብከውን ዲሲና ኤሲ፣ ከመውጫውም እንዲሁ፣ አራቱን ቁጥር ጻፍልኝ። ከእነርሱ ተነሥተን ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የትራንስፎርመሩ እንለያለን።